የሣጥን ዋጋና የጎተራ ዋጋ፦ ስንት እንዲይዝ፣ በስንት ይሠራ?

የዛሬው ጥናታችን ከኮምፒውተር ጨዋታ ይነሣና ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላይ ያርፋል። መንገዱ ሩቅ ቢመስልም ጥያቄው አንድ ነው፦ ማስቀመጫ ስንሠራ የምናወጣው ወጪና ማስቀመጫው የሚይዘው መጠን እንዴት ይመጣጠናሉ? ሁለት እጥፍ የሚይዝ ነገር ለመሥራት ሁለት እጥፍ ይከፈላል? ወይስ ያንሳል? ወይስ ይበልጣል? መልሱ እንደ ሁኔታው ሦስቱም ነው። መቼ የትኛው እንደሚሆን ማወቅ ደግሞ ወደ አገር ቤት ስንመለስ በቤተሰባችን ጓዳ የሚያስፈልገን እውቀት ነው።

ከጨዋታው እንጀምር። ከዶርም ጓደኞቻችን መካከል ፋክቶሪዮን የማያውቅ ጥቂት ነው። ውቤ ሶፍትዌር የተባለ የቼክ ድርጅት የሠራው፣ የተሟላው እትሙም በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የወጣ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ሰው በሌለበት ፕላኔት ላይ ብረት ቆፍሮ፣ አቅልጦ፣ ማሽን ሠርቶ ፋብሪካ ያቆማል። (ፈተና ሲደርስ ይህን ጨዋታ መክፈት ምን እንደሚያስከትል ለማናችንም መንገር አያስፈልግም፤ ዛሬ የምንፈልገው ቁጥሩን ብቻ ነው።) በፋብሪካው ውስጥ የተመረተው ሁሉ ማደሪያ ይፈልጋል። ለዚህም ሦስት ዓይነት ሣጥን አለ። የእንጨቱ ሣጥን በ2 እንጨት ይሠራል፣ 16 ኪስ አለው። የብረቱ በ8 ብረት ይሠራል፣ 32 ኪስ አለው። የአረብ ብረቱ በ8 አረብ ብረት ይሠራል፣ 48 ኪስ አለው። አንድ አረብ ብረት ደግሞ ከ5 ብረት ስለሚወጣ የመጨረሻው ሣጥን እውነተኛ ዋጋ 40 ብረት ነው ማለት ነው።

ቁጥሮቹን እናካፍላቸው። በብረቱ ሣጥን አንድ ኪስ በሩብ ብረት ይገኛል። በአረብ ብረቱ ግን ከ0.8 ብረት በላይ ይወጣል። ልዩነቱን ብቻ ነጥለን ካየነው ይብሳል፦ ከ32 ኪስ ወደ 48 ለመድረስ 32 ተጨማሪ ብረት ይከፈላል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪስ 2 ብረት ያስወጣል። ይህ ከመጀመሪያው ዋጋ 8 እጥፍ ነው። ታዲያ ይህን የሚገዛ ማን ነው? በጨዋታው ጥቂት የቆየ ሁሉ ይገዛዋል። ሦስቱም ሣጥኖች የሚይዙት መሬት እኩል አንድ ካሬ ነውና፣ ዕቃ የሚያነሳው ክንድም የሚደርሰው በቅርቡ ወዳለ ካሬ ብቻ ነውና። በማሽኑ ዳር ቦታ ሲጠብ ውዱ ሣጥን ርካሽ ይሆናል። የባቡሩን ፉርጎ ብንጨምር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ፉርጎው ሁሉ ወደ ብረት ሲመነዘር 140 ያህል ብረት ይፈጃል፤ ያለው ኪስ ግን 40 ብቻ ነው፣ ከአረብ ብረቱ ሣጥን እንኳ ያነሰ። ገንዘቡ የተከፈለው ለመያዝ ሳይሆን ለመንቀሳቀስ ነው። እንግዲህ የማስቀመጫ ዋጋ ውስጥ መጠኑ አንዱ ክፍል ነው፤ ቦታው፣ መዳረሻውና መንቀሳቀሱም ዋጋ አላቸው።

ለዚህ ጨዋታ ሞድ የሚሠሩ ሰዎች፣ ማለትም በዋናው ጨዋታ ላይ የራሳቸውን ዕቃ የሚጨምሩ፣ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ትልቅ መጋዘን መጨመር ፈለገ እንበል። ጎኑ 6 ካሬ፣ ስፋቱ 36 ካሬ ይሁን። በዚያው መሬት ላይ 36 የአረብ ብረት ሣጥኖች ቢደረደሩ 1,728 ኪስና 1,440 ብረት ይሆናሉ። ሠሪው መጋዘኑን በዚሁ ዋጋ፣ በዚሁ ኪስ ቢያወጣው ፍትሐዊ ይመስላል። ግን አይደለም። የተደረደሩት ሣጥኖች እያንዳንዳቸው ለየብቻ መሞላትና መራገፍ አለባቸው፣ መሐል ላይ የተቀበሩት ጭራሽ አይደረስባቸውም። መጋዘኑ ግን በአንድ ክንድ ተሞልቶ በሌላ ክንድ ይራገፋል። ስለዚህ ሠሪው ወይ ዋጋውን ከፍ ወይ ኪሱን ዝቅ ማድረግ አለበት። አለዚያ ትንንሾቹን ሣጥኖች ማንም አይነካቸውም። በሌላ በኩል «ትልቅ ዕቃ እኮ በእውነተኛው ዓለም ለአንድ ኪሎ ሲሰላ ይረክሳል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው? ይህን ለማየት ከስክሪኑ ወጥተን ወደ ጎተራው እንሂድ።

ንፋስ መውጫን አልፎ ወደ አርብ ገበያ የወረደ፣ ወይም በስማዳና በእስቴ ቀበሌዎች የዞረ ሰው ጎተራን ያውቃል። ቤተ ልሔምም በዚሁ በጋይንት ምድር ናት፤ ዙሪያዋ ሁሉ የገበሬ አገር ነው። ጎተራ ከሽመል ወይም ከቀጭን እንጨት ይጠለፋል፣ በጭቃና በእበት ይመረጋል፣ እርጥበትና አይጥ እንዳይደርስበት በድንጋይ ወይም በእንጨት ቆጥ ላይ ይቆማል፣ የሳር ክዳን ይደፋበታል። ከቤት ውስጥ የሚቀመጠው ታናሹ ጎታ ነው። እርሱ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት በእናቶች እጅ ይሠራል። ለጎታ ብር አይወጣም ይባላል፤ የእናቶቻችን የስንት ቀን ሥራ ወጪ ውስጥ ሳይገባ ሲቀር ነው እንዲህ የሚባለው።

አሁን ስሌት። ስንዴ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ በግምት 7.5 ኩንታል ይገባል። ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱም 1 ሜትር የሆነ ክብ ጎተራ እንውሰድ። ይዘቱ 0.785 ሜትር ኩብ ነው፣ ወደ 6 ኩንታል ስንዴ ይይዛል። ግድግዳውና ወለሉ ተደምሮ 3.9 ካሬ ሜትር ጠለፋና ምርጊት ይፈልጋል። ወርድና ቁመቱን 1.4 ሜትር ብናደርገው 16 ኩንታል ይይዛል፣ ጠለፋው 7.7 ካሬ ሜትር ይሆናል። 2 ሜትር በ2 ሜትር ብናደርገው ደግሞ 47 ኩንታል ይይዛል፣ ጠለፋው 15.7 ካሬ ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ኩንታል ስናካፍለው የመጀመሪያው 0.67፣ ሁለተኛው 0.48፣ ሦስተኛው 0.33 ካሬ ሜትር ያስወጣል። ልኬቱ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ግድግዳ 4 እጥፍ፣ የሚይዘው እህል ግን 8 እጥፍ ያድጋል። «ትልቅ ይረክሳል» ያለው ሰው ልክ ነው፤ እስከዚህ ድረስ።

ቅርጹም ዋጋ አለው። የሒሳብ ተማሪዎች በመጀመሪያ ዓመት ካልኩለስ ይህን ጥያቄ ሠርተውታል፦ በተወሰነ ይዘት፣ በትንሹ ወጪ፣ ሲሊንደር ቁመቱ ስንት ይሁን? የወለሉና የክዳኑ የአንድ ካሬ ሜትር ዋጋ ተደምሮ የግድግዳው ካሬ ሜትር ዋጋ «ቀ» እጥፍ ቢሆን፣ ወጪው የሚያንሰው ቁመቱ የክቡ ሬድየስ «ቀ» እጥፍ ሲሆን ነው። ወለሉም ክዳኑም እንደ ግድግዳው ዋጋ ከሆኑ «ቀ» 2 ነው፣ ቁመትና ወርድ እኩል ይሆናሉ። ቆጡና የሳር ክዳኑ ከግድግዳው እጥፍ ከተወደዱ «ቀ» 4 ይሆናል፣ የጎተራው ቁመትም የወርዱ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሳር በጠፋበት አካባቢ ጎተራ ቀጠን ብሎ ሽቅብ ቢሄድ፣ ሠሪው ካልኩለስ ባይማርም ወጪውን ስለሚያውቅ ነው። አንባቢ ይህን በወረቀት ላይ ቢያወጣው ከአምስት መስመር አይበልጥም፤ የይዘቱን ቀመር ከወጪው ቀመር ውስጥ ተክቶ አንድ ጊዜ ማወራረድ ይበቃል።

ታዲያ ለምን የመቶ ኩንታል ጎተራ በየደጁ አናይም? ሁለት ምክንያት አለ። አንዱ የኢንጂነሪንግ፣ ሌላው የኑሮ ነው።

የኢንጂነሪንጉ ይህ ነው። እህል ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል። ክብ ግድግዳ ላይ የሚፈጠረው የመወጠር ኃይል ግፊቱ ሲባዛ በሬድየሱ ነው። ልኬቱን ሁሉ እጥፍ ስናደርግ ግፊቱም እጥፍ፣ ሬድየሱም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ውጥረቱ 4 እጥፍ ያድጋል፣ ግድግዳው እንዳይቀደድ ውፍረቱም 4 እጥፍ መሆን አለበት። ስፋቱ 4 እጥፍ፣ ውፍረቱ 4 እጥፍ፦ የሚፈጀው እንጨትና ጭቃ 16 እጥፍ ሆነ! የሚጨምረው እህል ግን 8 እጥፍ ብቻ ነው። አሁን ትልቁ ተወደደ። ትንሹ ጎተራ ላይ ይህ ችግር አልታየም፤ ከአንድ ሽመል የቀጠነ ግድግዳ መጥለፍ ስለማይቻል ትንሹም ቢሆን ከሚያስፈልገው በላይ ጠንካራ ሆኖ ይሠራልና። ያ ትርፍ ጥንካሬ እስኪያልቅ ድረስ መተለቅ ያረክሳል፤ ካለቀ በኋላ ያስወድዳል። ዝቅተኛው ዋጋ ያለው መሐል ላይ ነው። ጎተራ ሠሪዎቻችን ሆዱ የነፋ ጎተራ ሲያዩ «ይህ ከልኩ አለፈ» የሚሉት ይህን ነው።

በዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ አለ። የጀርመኑ ኢንጂነር ያንሰን በፈረንጆቹ 1895 እንዳሳየው፣ እህል እንደ ውሃ አይደለም። ፍሬው ከግድግዳው ጋር ስለሚፋተግ ክብደቱን በከፊል ግድግዳው ይሸከመዋል። ስለዚህ ጎተራው እየረዘመ ሲሄድ የታችኛው ግፊት ያለ ገደብ አያድግም፣ በወርዱ ልክ የሆነ ጣሪያ አለው። ከመወፈር መርዘም የሚሻልበት ተጨማሪ ምክንያት ይህ ነው። በወደብና በዱቄት ፋብሪካ የምናያቸው ሲሎዎች እንደ ሚናራ ቀጥ ብለው የቆሙትም በዚሁ ሕግ ነው። ወጪው ግን አልጠፋም። ግድግዳው ወደ ውጭ ባይገፋም ቁልቁል ተጭኗል፣ መሠረቱም ያንን መሸከም አለበት።

የኑሮው ምክንያት ከዚህ ይከብዳል፦ ባዶ ቦታም ተከፍሎበታል። በእነዚህ ወረዳዎች ብዙው ገበሬ ያለው መሬት ከአንድ ሄክታር ያነሰ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ መታቀፋቸው የሚነግረን ነገር አለ፤ በብዙ ቤት የዓመቱ ምርት ዓመቱን አይደርስም። 47 ኩንታል የሚይዝ ጎተራ ለ12 ኩንታል ባለቤት በኩንታል ሲሰላ ርካሽ አይደለም፤ ወጪው የሚካፈለው በሚገባው እህል እንጂ በሚችለው አይደለምና። 15.7 ካሬ ሜትር ለ12 ኩንታል ሲካፈል 1.3 ይሆናል፣ ከትንሹ ጎተራ እጥፍ ገደማ። ታዲያ ልኩ ለየትኛው ዓመት ይሁን? ለክፉው ዓመት ልክ ብናደርገው የደጉ ዓመት ትርፍ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ለደጉ ብናደርገው አብዛኛውን ዘመን ግማሹ ባዶ ነው። የድሮው መፍትሔ ሁለት ዕቃ መያዝ ነበር። አንድ ጎተራ ለመደበኛው፣ ጎታና አቅማዳ ለትርፉ። ይህ የድህነት ምልክት ብቻ አይደለም፣ በደንብ የታሰበበት የወጪ ስልት ነው።

ስለ እህል እስካሁን የተናገርነው እንደ ፋክቶሪዮ ብረት የማይበላሽ አድርገን ነው። ጨዋታው ራሱ ለረጅም ዘመን እንዲህ ነበር፤ ሣጥን ውስጥ የገባ ዕቃ እስከ ፍጻሜው ይኖራል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በወጣው ተጨማሪ ክፍል ግን ግሌባ የምትባል ፕላኔት መጣች፣ በእርሷም ላይ የሚለቀመው ፍሬ በአንድ ሰዓት፣ ከፍሬው የሚሠራው ምግብ በ5 ደቂቃ ይበሰብሳል። ተጫዋቾች ለዓመታት የለመዱት «ሣጥን ጨምር» የሚለው መፍትሔ በአንድ ጊዜ ጥፋት ሆነ። ትልቅ ሣጥን ማለት ብዙ ብስባሽ ማለት ነው።

በደጋው ገበሬ ቤት ሦስቱም ዓይነት ዕቃ አለ። ጤፍ እንደ ብረቱ ነው። ፍሬው ከማነሱ የተነሣ ነቀዝ እንቁላሉን ጥሎ ልጁን የሚያሳድግበት ቦታ አያገኝም፤ ከርጥበት ከተጠበቀ ዓመታት ይቆያል። ለጤፍ የሚሠራ ማስቀመጫ መያዝ ብቻ ይበቃዋል። በቆሎ፣ ማሽላና ስንዴ ግን ነቀዝ ይገባባቸዋል። ነቀዙ ከማሳ ወይም ከአሮጌው ጎተራ ስንጥቅ ይመጣል፣ በፍሬው ውስጥ ይራባል፣ ወራት ባለፉ ቁጥር ጉዳቱ ይፈጥናል። ለእነዚህ የሚሠራ ማስቀመጫ መያዝም መከላከልም አለበት፣ ዋጋውም ለሁለቱም ይከፈላል። ሦስተኛው ድንች ነው። በጉና ተራራ ዙሪያ፣ በላይ ጋይንት ደጋ የድንችን ነገር ለማያውቅ ሰው አስረዝመን መናገር ነበረብን። የዘር ድንች አይከመርም። ከሁለት ከሦስት ድርብ ያልበለጠ ሆኖ፣ ቀጥታ ፀሐይ ሳይነካው የተበተነ ብርሃንና አየር እያገኘ በመደርደሪያ ላይ መዘርጋት አለበት። እዚህ ላይ የጎተራው ሕግ ይሻራል። የሚይዘው በይዘት ሳይሆን በመደርደሪያ ስፋት ስለሚለካ ቤቱ ቢተልቅ በኩንታል ያን ያህል አይረክስም፤ ሁለት እጥፍ ድንች ሁለት እጥፍ ቆጥ ነው። የስንዴ መጋዘን የሠራ ሰው በዚያው ሒሳብ የድንች መጋዘን ቢያቅድ ገንዘቡ በግማሽ መንገድ ያልቅበታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የዘመኑ ምርጫ ነው። ሁለቱን እናወዳድር፦ አየር የማያስገባ ከረጢትና የቆርቆሮ ጎተራ። ከረጢቱ በአሜሪካው ፔርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ማብቂያ ካሜሩን ውስጥ ለአተር መሰል ጥራጥሬ የተፈለሰፈ ነው፤ በአገራችን ፒክስ በሚለው ስሙ ይታወቃል። ከውጭ ያለው ተራ ማዳበሪያ ነው፣ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ አለው። አፉ በየተራ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየሩን ተንፍሶ ይጨርሰዋል፣ ከዚያ መብላትም መራባትም ያቆማል። መድኃኒት የለበትም። የቆርቆሮው ጎተራ በብየዳ ባለሙያ እጅ ይሠራል፣ በዚያው አሠራር ታፍኖ ይዘጋል፣ በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለግላል።

ቁጥሮቹን ለመለማመጃ ብቻ እናስቀምጥ፤ አንባቢ የየራሱን ገበያ ዋጋ ይተካባቸው። አንድ ቤተሰብ 10 ኩንታል በቆሎ አለው እንበል። ኩንታሉ 5,000 ብር፣ በተራ ጆንያ እስከ ክረምት ቢቆይ ነቀዝ የሚያጠፋው 12 በመቶ ይሁን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ 10 ኩንታል በ12 በመቶ አባዝቶ 6,000 ብር ኪሳራ ይላል። ግን ቤተሰቡ በየወሩ ከእህሉ ይበላል፤ በአማካይ በቤት ውስጥ ያለው ግማሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ኪሳራው ወደ 3,000 ብር ይጠጋል። ከረጢቱ አንዱ 200 ብር ቢሆን 10 ከረጢት 2,000 ብር ነው፣ ለሁለት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 1,000። ቤተሰቡ በዓመት 2,000 ብር ያህል ይተርፈዋል። የ10 ኩንታል ቆርቆሮ ጎተራ 18,000 ብር ቢሆንና 15 ዓመት ቢቆይ በዓመት 1,200 ብር ነው። ሁለቱ ሊቀራረቡ ምንም አልቀራቸውም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከረጢት በ200 ብር ይጀመራል፣ ምርቱ ሲያንስ ያነሰ ይገዛል፣ አንዱ ሲከፈት ሌሎቹ እንደታፈኑ ይቆያሉ። ግን አይጥ ከበሳው ታሪኩ ያበቃል። ቆርቆሮው አይጥን ይከለክላል፣ ነገር ግን 18,000 ብር በመጀመሪያው ቀን ይፈልጋል። በየጊዜው በተከፈተ ቁጥርም አየር ይገባዋል። ያንን ብር በወለድ ተበድሮ የሚያመጣ ሰው ስሌቱ ይገለበጥበታል፣ ከዚያም በፊት ለእኛ የማይገባ መንገድ ነው። እቁብ ግን አለ። አሥር አባወራ በዙር ቢገቡ፣ ወለድ ሳይኖር በየዙሩ አንድ ቆርቆሮ ጎተራ አንድ ደጅ ይቆማል።

ለሁለቱም አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ እህሉ መድረቅ አለበት። እርጥብ እህል ታፍኖ ሲዘጋ ይሻግታል፣ ያኔ ውዱ ማስቀመጫ ከጆንያው ይብሳል። ያለ መሣሪያ የሚሠራ መፈተኛ እንንገራችሁ። በንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና አንድ ማንኪያ የደረቀ ጨው አድርጉ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ናጡት፣ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ እህሉ ገና አልደረቀም፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ።

አንድ ነገር ደግሞ በአጭሩ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ርካሹ መፍትሔ ተደርጎ በየገበያው የሚሸጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል ነው። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙም ነቀዝንና ሰውን አይለይም። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ ጎታ ወይም ጆንያ ውስጥ መጨመር ቤተሰብ የሚገድል ነው። የእንክብሉን ዋጋ ከከረጢቱ ጋር የሚያወዳድር ሁሉ ይህንን ወጪ መዝገቡ ላይ ያስገባ። ከእናንተ መካከል ይህን ገና ለቤተሰቡ ያልነገረ ካለ ዛሬውኑ ይደውል።

የማስቀመጥ ነገር ከተነሣ የነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ታሪክ በሁላችን አእምሮ ውስጥ ይመጣል። የሰባቱን ጥጋብ ዓመታት ምርት ለሰባቱ ክፉ ዓመታት ለማቆየት የሰጡት ምክር በምንማረው ቋንቋ ሲነገር ሁለት ክፍል አለው፤ መጠኑ፣ ማለትም ከሚበላው ጥቂት በስተቀር ሁሉም እንዲቀመጥ፣ እና አቀማመጡ፣ ማለትም ፍሬው ሳይወቃ ከነዛላው እንዲቆይ። ያልተወቃ እህል ብዙ ቦታ ይይዛል። ለቦታው ተከፍሎ ለዕድሜው ተገዛ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ ይህ ለቤት ጎተራ መጠን መነሻ ልክ ይሆነናል። ስለ ኢሕቲካር የሚጠይቁን አሉ። የራስን ምርት ለቤት ቀለብና ለተሻለ ወር ማቆየት አንድ ነገር ነው፣ ሰው ሲራብ ዋጋ እስኪንር ከገበያ እየገዙ መደበቅ ሌላ ነው። በሐዲሥ የተወገዘው ሁለተኛው ነው። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን መጠየቅ ይሻላል፣ እኛ ወደ ልኬታችን እንመለስ።

ውሃም ይቀመጣል፣ በዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። ከጉና የሚነሣው የርብ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ የቆጋው 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንዲይዙ ታስበው ነው። ስማዳን ከጎጃም የሚለየው ዐባይ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ይሞላል፦ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ ከፍታው 145 ሜትር በሆነና 10.2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ኮንክሪት በፈጀ ግድብ። ሲካፈል በአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ከ7,000 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይደርሳል። (ከጎኑ ያለው 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ኮርቻ ግድብ ወጪ በዚህ ውስጥ አልገባም፤ እርሱ ባይኖር ግን ሐይቁ በዚያ በኩል ይፈስ ነበር።) እንዲህ ያለ ውጤት የሚገኘው ግድግዳውን ሰው ስለሠራው ሳይሆን አብዛኛውን ግድግዳ ተራራው ስለሠራው ነው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሸለቆ ማግኘት ማለት ጎተራው ተጠልፎ ቆሞ ክዳኑን ብቻ መሥራት ማለት ነው። በተቃራኒው በየደጁ የሚቆፈር ትንሽ ኩሬ ግድግዳውን በሙሉ በላስቲክ ወይም በሲሚንቶ መሸፈን አለበት፣ ከላይም ፀሐይ በስፋቱ ልክ ትጠጣዋለች። ትንሽና ጥልቀት የሌለው ኩሬ ከያዘው ውሃ ላይ የሚያጣው ድርሻ ከትልቁ ይበልጣል።

አሁን ሞድ የመሥራት ዝንባሌ ላላችሁ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች አንድ ሥራ እንስጥ። የጋይንትን ጎተራ በፋክቶሪዮ ውስጥ ብታስገቡት ዋጋውን እንዴት ትቆርጣላችሁ? የእኛ ሐሳብ እንዲህ ነው። እስከ 16 ኩንታል ዋጋው ከይዘቱ ቀስ ብሎ ይደግ፣ ከዚያ በኋላ ከይዘቱ ፈጥኖ ይደግ። ባዶ ሲሆንም በየዓመቱ የምርጊት ወጪ ያስከፍል። ጤፍ አይበስብስ፣ በቆሎ በወራት ልክ ይጉደል፣ ድንች በኪስ ሳይሆን በካሬ ይቆጠር። በአንድ ቁጥር ብቻ የሚመዘን ሣጥን ለተጫዋቹ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀዋል፣ እርሱም «ስንት ብር አለህ?» የሚል ነው። የእኛው ጎተራ ግን ምን ታስቀምጣለህ፣ ለስንት ወር፣ በደጉ ዓመት ነው በክፉው ብሎ ይጠይቃል።

ለሴሚስተሩ እረፍት ወደ ቤት የምትሄዱ ሁሉ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የጎተራውን ወርድ ከውስጥ፣ ቁመቱን ከወለሉ እስከ አፉ በሴንቲሜትር ለኩ። የግድግዳውን ውፍረትም ከአፉ ላይ አንብቡ። ምን እህል እንደገባበት፣ በየትኛው ወር እንደሞላና በየትኛው ወር እንዳለቀ እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ አባቶቻችን የገባውን ያውቃሉ፣ የወጣውን በትክክል የሚያውቁት እናቶች ናቸው። ስትመለሱ ኢንሻአላህ በአንድ ሠንጠረዥ እናሰፍረዋለን። ድንች ያላችሁ የመደርደሪያውን ርዝመትና ስፋት፣ የድርቡንም ብዛት ብቻ አምጡ።